ስለ ጦርነት ድራማና ስለ ስሕተቱ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ በቴሌቪዥን በሚታዩ የጦርነት ድራማዎች ውስጥ ስለሚገኙት ስሕተቶች ነው። ይህ ለቡና ጨዋታ እንጂ ለስብሰባ የሚበቃ ነገር አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በመካነ ሰላም ተቀምጠን ስንመለከተው ነገሩ የቤታችን ጉዳይ ነው፤ መቅደላ የዚሁ የወሎ ደጋችን አምባ ናትና።

ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትዕይንቶች አለመያያዝ ነው። ግራ ክንዱን የቆሰለው ወታደር በሚቀጥለው ትዕይንት ቀኝ ክንዱን አስሮ ይመጣል፤ የጦር አለቃው በዳማ ፈረስ ወጥቶ በነጭ ይመለሳል። ይህ ያስቃል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው የታሪክ ስሕተት ነው፤ ይህኛው ግን ይጎዳል።

የመቅደላን ጦርነት ለምሳሌ እንውሰድ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራ ድራማ ስናይ አስቀድመን ከድንኳኑ በስተኋላ የቆመውን ዛፍ እንመልከት። ባሕር ዛፍ ከሆነ ተሳስቷል፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቀጥሎ ሰንደቁን እንመልከት። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ ሰንደቅ ላይ የተሰፉት ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። ሴባስቶፖልንም አራት ሰው ሲገፋው ካየን፣ መድፉ 7 ቶን ያህል የሚመዝንና በብዙ መቶ ሰው ጉልበት አምባው ድረስ የተጎተተ መሆኑን እናስታውስ። ዛሬም እዚያው ስላለ፣ ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ሰው የተሰወረ ነገር የለም።

ቀኑም ራሱ ይመሰክራል። አሮጌ በተባለው ሜዳ ጦርነቱ የተደረገው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ የስቅለት ዓርብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የሠዉትም በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። እንግዲህ በጦርነቱ ዋዜማ በሕማማት ውስጥ ወታደሩ ሥጋ እየቆረጠ ሲፎክር የምናይ ከሆነ፣ ማንኛዋም የገጠር እናት የማትስተውን ጾም ደራሲው ዘንግቶታል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጠመንጃው ስሕተት ነው። የቴዎድሮስ ወታደር ውጅግራ ይዞ ሊታይ አይገባውም፤ ውጅግራን የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው መቅደላ ከወደቀች ከ6 ዓመት በኋላ ነውና። የዚያ ቀን ወታደር የያዘው ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዙ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። የእንግሊዝ ወታደር ደግሞ በስተኋላው የሚጎርስ ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ይዞ መጣ። አንዱ አንድ ጊዜ አጉርሶ እስኪተኩስ ሌላው ብዙ ጊዜ ይተኩሳል። በዚያ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፤ ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ የሞቱት 2 ብቻ ናቸው።

ድራማው ለሁለቱም ወገን እኩል ጠመንጃ ካስያዘ፣ የሚመለከተው ሕፃን ምን ብሎ ይፈርዳል? አባቶቻችን መተኮስ አያውቁም ነበር፣ ወይም ፈርተው ሸሹ ይላል። ስለዚህ የአልባሳትና የዕቃ ስሕተት የመሰለን ነገር በሙታን ላይ የተነገረ ሐሰተኛ ምስክርነት ይሆናል።

ድራማ ኪነት ነው እንጂ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ንጉሡ በመጨረሻው ሌሊት ለራሳቸው ምን እንደተናገሩ ደራሲው ቢፈጥር አንነቅፈውም፤ የሰማ የለምና። ዛፉንና ጠመንጃውን ግን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። የሚታወቀውን አስተካክሎ ያቀረበ ደራሲ፣ በማይታወቀው ነገር ላይ የተመልካቹን እምነት ያገኛል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ስናይ ስቀን ብቻ አንለፈው። ያገኘነውን ስሕተት በማስታወሻ እንያዝ፤ ከመምህራኖቻችንና ከአገር ሽማግሌዎች ጠይቀን እናረጋግጥ፤ ከዚያም ለአዘጋጆቹ በትሕትና ጽፈን እንላክላቸው። ነቀፋችን ለማሳፈር ሳይሆን፣ የሚቀጥለው ድራማ ለእነ ገብርዬ የሚገባቸውን እንዲሰጥ ለመርዳት ይሁን።