የመስታወት ባሕርና የሽንፋ ኩሬ፦ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያንና ስለ ንጥረ ነገር ሚዛን



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ውኃ ነው። የባሕር ውኃ በያዘ አነስተኛ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ልጀምርና በመተማ ቆላ ልጨርስ።

አዲስ መስታወት ሞልተን ዓሣ አስገብተን እንመግብ። ዓሣው ራሱ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይጨምራል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣው ሊሞት ይችላል። የሚያድነው በአሸዋውና በድንጋዩ ገጽ ላይ የሚሰፍረው የባክቴሪያ ማኅበር ነው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ማኅበሩ እስኪጠና ሳምንታት ይፈጃል፤ ለሥራውም ኦክስጅን ይሻል። ኦክስጅን ደግሞ በሞቀና ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ይቀንሳል፦ በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 7.5 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ የባሕር ውኃ የሚይዘው 6.2 ገደማ ነው።

አሁን ወደ መተማ እንሂድ። የሽንፋ ወንዝ በበጋ ፍሰቱ ይቋረጥና የተነጣጠሉ ኩሬዎች ይቀራሉ። ፀሐይ የምትወስደው ውኃውን ብቻ ነው፤ ጨውና ንጥረ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲከማቹ ዋቅላሚ ይበዛል። ዋቅላሚው ቀን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይጠቀማል። መስታወቱን የሚጠብቅ ሰው የተነነውን ይተካል፣ ውኃውንም በየጊዜው ይቀይራል። ለኩሬው ይህን የሚያደርግለት የክረምቱ ጎርፍ ብቻ ነው።

የኩሬው መጥበብ ለዓሣው ወጥመድ፣ ለአጥማጁ ሲሳይ ነው። በጆን ካፔልማን መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር መጽሔት የታተመው ጥናት ስለ ሽንፋ-መተማ 1 የሚነግረን ይህንኑ ነው። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ በጋው ሲበረታ የአካባቢው ሰዎች ከወትሮው ይበልጥ ዓሣ በሉ። ነገር ግን ዓሣውን የሚሰበስበው መጥበብ አሞኒያውንም ይሰበስባል። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ኦክስጅን ሲያጥር ይቆይ ይሆናል፤ አብዛኛው ሌላ ዓሣ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለውም።

ትንሽ ውኃን ብዙ ጊዜ የሚገድለው የምግብ እጥረት ሳይሆን ትርፍ ነው። ከጥጥና ከሰሊጥ ማሳ ማዳበሪያ ታጥቦ ቢገባ፣ የከብት እበት ቢጨመርበት፣ ሸክሙ የሚወድቀው በዚያው በማይታየው ማኅበር ላይ ነው።

ስለዚህ ወደ መስክ ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ኦክስጅንን በቀትር ብቻ የለካ ሰው ኩሬው ጤነኛ ነው ብሎ ይመለሳል። ጎህ ሳይቀድ ለኩ፤ የኩሬው እውነተኛ ሚዛን የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።