ስለ 194,313
(ለመንደራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 194,313። «ደሞ ቁጥር ምን ሊያደርግልን?» እንዳትሉኝ። የካ ሚካኤል ኅዳር 12 ቀኑን አይለቅም፤ ፋሲካ ግን ይዞራል። መቼ እንደሚውል ስንጠየቅ ሁላችንም ወደ ግድግዳው ካላንደር ወይም ወደ ስልካችን ነው የምንሮጠው። እሱ ቢሳሳት አብረን መሳሳታችን ነው።

አባቶች ግን በባሕረ ሐሳብ ያሰሉታል። በዚህ ስሌት 532 ዓመት «ዐቢይ ቀመር» ይባላል። እንግዲህ ሦስቱ ዓመት 365 ቀን፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት 366 ቀን ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 1,461 ይሆናሉ። በ532 ዓመት ውስጥ አራት አራት ዓመት 133 ጊዜ ይገኛል። 133 በ1,461 ሲባዛ 194,313 ቀን ይመጣል።

እስቲ ቁጥሩን እንፍታው፤ 3 በ7፣ በ19፣ በ487 ተባዝቶ የተገኘ ነው። 7 የሳምንቱ ቀን ነው። 19 የጨረቃ ነው፤ ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለችና።

«ታዲያ 19 ዓመት ለምን አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። 19 ለአራት አይካፈልም፤ ስለዚህ ቀኑ ሙሉ አይወጣም። በአራት ስናበዛው 76 ዓመት፣ ማለትም ድፍን 27,759 ቀን ይሆናል። ይህ ግን ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ እሑድ የነበረው ሐሙስ ይሆናል ማለት ነው። 76ን በ7 ስናበዛ 532 ዓመት ይሆናል፤ ያን ጊዜ 194,313 ቀን ድፍን 27,759 ሳምንት ነው። ልጆች፣ ልብ በሉ! የ76 ዓመቱ ቀንና የ532 ዓመቱ ሳምንት አንድ ቁጥር ናቸው።

ስለዚህ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን እሑድ ነው፤ በ1486 ዓ.ም.ም እንደዚሁ ነበር፤ በ2550 ዓ.ም.ም እንደዚሁ ይሆናል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ 11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። በ532 ዓመት ውስጥ ይህች ደቂቃ ተጠራቅማ 4 ቀን ገደማ ትሆናለች። ቁጥሩ ግን አላበለም፤ ድፍን ሩብ ቀን ብለን ያጠጋጋነው እኛ ነን።

ወገኖቼ፣ ይህን ያለ ወረቀት በጣት አንጓ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። አንዱ ባረፈ ቁጥር ስሌቱም አብሮ ይቀበራል። ከልጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ልጆችም እኔን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ፤ ዛሬ ማታ 194,313ን ለ7 አካፍሉና የሚተርፍ ካለ መጥታችሁ ንገሩኝ።