ስለ ምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች እግር ኳስ ዋንጫ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነበበ ንግግር)



የመጨረሻው ክፍል ሴቶች ተማሪዎች ስለ ኳስ እንናገራለን ስንል ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይተናል። ፈገግታችሁ አላስቀየመንም፤ ነገር ግን እስከ ፍጻሜው እንድታደምጡን በትሕትና እንለምናለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

በደጋው አገር በገና በዓል ወንዶች በቆልማማ ዱላ ዕሩር ሲመቱ ሴቶች ዳር ቆመው እልል ሲሉ ኖረዋል። በአየርላንድ ግን ይህንኑ የሚመስል ካሞጊ የተባለ ጨዋታ አለ፤ ሴቶቹ በ1904 የራሳቸውን ማኅበር አቁመው እስከ ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ይሻማሉ። ለእኛ ዱላው ባይደርሰንም ኳሱ ደርሶናል።

የአካባቢያችን አገሮች የሴቶች ዋንጫ በ1986 በዛንዚባር አንድ ጊዜ ተደርጎ ተቋረጠ። እንደገና የተጀመረው በ2016 በዩጋንዳ፣ በጂንጃ ከተማ ነው። ሠላሳ ዓመት! በመጀመሪያው የተጫወተች ልጅ በሁለተኛው የልጅዋን ጨዋታ ለማየት ትችል ነበር። በጂንጃ ታንዛንያ ዋንጫውን ስትወስድ ኢትዮጵያ ሦስተኛ ወጣች። በመካከሉም ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ ሥራ አልፈታም፤ በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ሆኖ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው ግን የክለቦቹ ታሪክ ነው። በ2021 የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ ከአካባቢያችን የሚያልፈውን ለመለየት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ወደ ኬንያ ሄዱ። በፍጻሜው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2023 በዩጋንዳ እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፤ ከታንዛንያው ጄ ኬ ቲ ኩዊንስ ጋር ያለ ግብ ከቆዩ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ተረቱ። እንዲህ ያለውን ሽንፈት ያላየ ሰው እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ አያውቅም። በ2024 ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ያን ጊዜ በአንድ ስልክ ዙሪያ አሥራ አራት ሆነን ተጨናንቀን ተቀምጠን ነበር። የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ! ከዚያም ሞሮኮ ሄደው ከምድባቸው ሳያልፉ ተመለሱ፤ እኛ ግን እንደ ውርደት አንቆጥረውም።

ጀልዴሳ ሩቅ ናት የሚሉን አሉ። ጥንት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፍባት እርስዋ ነበረች፤ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ መንገዱ ትቶን ሄደ። ዱራሜም ከማልታ ሩቅ ናት፤ ሆኖም የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አበራ ማልታ ደርሳ በቢርኪርካራ ክለብ ተጫውታለች።

ከክፍላችን ስምንት ሴቶች ነን፤ ቡድኑን ለመሙላት ከታችኛው ክፍል ሦስት ተበድረናል። ሜዳም ኳስም አለን። ችግራችን አንድ ነው፤ ሜዳው ከፀሐይ የሚቀዘቅዝበት ሰዓትና ውሃ የምንቀዳበት ሰዓት አንድ ሆነብን። ስለዚህ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀሪካኑን ወንድሞቻችን እንዲይዙልን ዛሬ በመምህራኖቻችን ፊት እንጠይቃችኋለን። በቀሩት ቀኖች እኛው እንቀዳለን።