የተመልካች ቁጥርና የቁጥሩ መሠረት



አንድ የቴሌቪዥን ድራማ በስንት ሰው ታየ የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ አስነጋሪው ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ጣቢያውም የትኛው ድራማ እንዲቀጥል፣ የትኛውም እንዲቋረጥ የሚወስነው በዚሁ ጥያቄ መልስ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ፣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ቅሬታ በአደባባይ ተሰምቷል። ክርክሩ ስለ ባህልና ስለ እንጀራ ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድ የሥሌት ጉዳይ ነበረበት። ተመልካቹ በእርግጥ ወዴት ሄደ? ማንስ፣ በምን ቆጠረው?

ተመልካችን አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል የሚለካው በናሙና ነው። ንፍሮ የምትቀቅል እመቤት መብሰሉን የምታውቀው ጥቂት ፍሬ ቀምሳ ነው፤ ሳታገላብጥ ከላይ ብቻ ብትቀምስ ግን ትሳሳታለች። ናሙናም ከከተማውም ከገጠሩም፣ ከወንዱም ከሴቱም ተገላብጦ ካልተወሰደ እንደዚሁ ያሳስታል።

የደቡብ ኮሪያ ልምድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ አገር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በተመረጡ ቤቶች ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ይተከላል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ቁልፍ ስላለው ማየት ሲጀምርም ሲያቆምም ይጫናል። «የመጀመሪያ ፍቅር» የተባለው የኬቢኤስ ድራማ በሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. ከመቶ 65.8 ደረሰ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የባለትዳሮች ዓለም» የተባለው ድራማ ከመቶ 28.4 አግኝቶ በኬብል ጣቢያዎች ዘንድ ታላቅ ድል ተባለ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርድ መስጠት ስሕተት ነው፤ የኋለኛው የተሠላው ለቴሌቪዥን አገልግሎት በሚከፍሉ ቤቶች ላይ ነውና። በአንድ ምሽት የታየ አንድ ድራማ እንኳ ኒልሰን ኮሪያና ቲኤንኤምኤስ በተባሉት ሁለት ድርጅቶች ዘንድ የተለያየ ቁጥር ያገኛል፤ ናሙናቸው የተለያየ ስለሆነ።

የመሠረቱን ነገር በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ ወረዳ 2000 ቤቶች ቢኖሩ፣ ከእነዚህም 1000ዎቹ ቴሌቪዥን ቢኖራቸው፣ በአንድ ምሽት 400ው ቢከፍቱና 100ው ድራማውን ቢያዩ፣ ውጤቱ ከከፈቱት አንጻር ከመቶ 25፣ ቴሌቪዥን ካላቸው አንጻር ከመቶ 10፣ ከሁሉም ቤቶች አንጻር ከመቶ 5 ይሆናል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ጣቢያው 25ን ቢያውጅ፣ ተፎካካሪው 5ን ቢጠቅስ፣ ሁለቱም አልዋሹም፤ አንባቢው ግን ተታሏል።

በኢትዮጵያ በብዙው የሚሠራበት የቃለ መጠይቅና የስልክ ጥናት ነው። ይህ ዘዴ ከወረታ ከተማ ወጥቶ በፎገራ ሜዳ ሲፈተን ችግሩ ይገለጣል። ስልኩ በአባወራው ኪስ ከሆነ፣ ድራማውን የምትከታተለው እመቤት አትጠየቅም። ጎረቤት ሄደው የሚያዩ ልጆች፣ ሻይ ቤት ተሰብስቦ የሚያይ ወጣት፣ ቴሌቪዥን ባለው ቤት ሥር አይመዘገቡም። የሩዝ አጨዳና ውቂያ በሚበዛበት ሰሞን የተደረገ ጥናትና በሥራ ማረፊያ ወቅት የተደረገው አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ ተብሎ አይታሰብም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ክረምትም ጠያቂው ከብዙው ቤት ላይደርስ ይችላል።

የናሙናው ማነስም አለ። በዕጣ ከተመረጡ 1000 ሰዎች ከመቶ 10ሩ «አየን» ቢሉ፣ እውነተኛው ቁጥር ከ8 እስከ 12 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 11 ያገኘው ድራማ 10 ያገኘውን በለጠ ለማለት አያስደፍርም። ከ1000ው ውስጥ ከፎገራ የተጠየቁት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ቢሆኑ ደግሞ፣ ስለ ፎገራ ተመልካች ለብቻው አንዳች ነገር መናገር አይቻልም።

የማይቆጠር ተመልካች በድራማው አሠራር ላይ ድምፅ የለውም። ገንዘብ ቁጥርን ይከተላል፤ ድራማውም ለተቆጠረው ሰው ይሠራል። ከወረታ እስከ ዋንዛዬ ያለው ሕዝብ ኑሮውንና አነጋገሩን በመስኮቱ የማያይ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሙያው ባልደረባ ሁሉ አንድ የተመልካች ቁጥር ሲቀርብለት አምስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ማን ለካው? መቼ? በምን ዘዴ? ስንት ሰው፣ ከየት ተጠየቀ? ከመቶው የተባለው መቶስ የማን ነው? እነዚህ ያልተመለሱለት ቁጥር ለማስታወቂያ ያገለግል ይሆናል፤ ለዜና ግን አይበቃም።