ስለ ዌልስ አገር የአልጋ ልብስና ስለ ሰፊዎቹ ጥበብ
(በበዓሉ ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የመረጥነው አርእስት ምናልባት ያስደንቃችሁ ይሆናል፤ ይኸውም በብሪታንያ ምዕራብ በምትገኘው በዌልስ አገር በእጅ ይሰፋ የነበረው ጥንታዊ የአልጋ ልብስ ነው። ሥዕሉን መጀመሪያ ባየን ጊዜ ከመካከላችን «ይህማ ድሪቶ ነው!» ብለን የሳቅን ነበርን። አሠራሩን ከተረዳን በኋላ ግን በሳቃችን አፈርን።

ይህ የአልጋ ልብስ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ የሚታየው ጨርቅ፥ ከታች ገበሩ፥ በመካከል ደግሞ የተባዘተ የበግ ጠጉር አለ፤ በችግረኛ ቤት በጠጉሩ ፈንታ ያረጀ ብርድ ልብስ ይገባበታል። ሦስቱ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተወጥረው በመርፌ ይሰፋሉ። ስፌቱም ሁለት ጥቅም አለው፤ ጠጉሩ ተንሸራትቶ ወደ አንድ ወገን እንዳይከማች ይይዘዋል፥ ደግሞም ጌጥ ይሆናል።

ጌጡ ሥርዓት ያለው ነው። ብዙውን ጊዜ በመካከል ክብ ይደረግና በዙሪያው ክፈፍ በክፈፍ እየተደራረበ ይከተላል። በክፈፎቹ ውስጥ ቅጠል፥ ልብ፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠመዘዝ መስመር ይሰፋል። ሰፊዋ ክቡን ለመንደፍ ሳሕን ወይም ኩባያ ደፍታ በጠመኔ ትዞርበታለች፤ የቀረውን አብዛኛውን ከልቧ ታወጣዋለች።

ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ማዕቀፋቸውን ይዘው ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት ይዞሩ ነበር። ባለቤቶቹ ቀለብና ማደሪያ ይሰጧቸዋል፤ እነርሱም የቤቱን ሥራ ሲጨርሱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችም ልጆቻቸውን በዚህ ሥራ አሳድገዋል።

ወንዶችም መርፌ ይዘዋል። በሬክሰም ከተማ የነበረው ልብስ ሰፊ ጄምስ ዊልያምስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1842 እስከ 1852 ድረስ 10 ዓመት ደክሞ 4,525 የሱፍ ቁራጮችን ገጣጥሞ አንድ የአልጋ ልብስ ሠራ። አዳም ለእንስሳት ስም ሲያወጣ፥ የኖኅ መርከብ፥ ዮናስና ዓሣ አንበሪው፥ የሜናይ ድልድይም ሳይቀር ይታዩበታል። ዛሬ የሴንት ፋጋንስ ቤተ መዘክር ንብረት ነው።

ነገር ግን ርካሽ የፋብሪካ አልጋ ልብስ በመጣ ጊዜ የእጁ ሥራ እየተናቀ ሄደ። በ1920ዎቹ የከሰል ማዕድን ሥራ ወድቆ የደቡብ ዌልስ ሠራተኞች ሲቸገሩ፥ አንድ የመንግሥት ድጋፍ ያለው የገጠር እጅ ሥራ መሥሪያ ቤት በ1928 ጥበቡን አነሣሣው። የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች የሰፉት ልብስ በሎንዶን ተሸጠ፤ ዝነኛው ክላሪጅስ ሆቴልም አዘዘ። በድሪቶ የሳቅነው እኛ ይህን ስንሰማ ዝም አልን። በ1939 ጦርነት ሲነሣ ግን ያ ሥራ ተቋረጠ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? የጄምስ ዊልያምስ ስም ቀርቷል፤ የብዙዎቹ ሴቶች ስም ግን ከቶ አልተጻፈም። ጥበባቸው በእጃቸው ነበረና እጃቸው ሲያርፍ ከአጠገባቸው ተቀምጦ የተማረ ከሌለ አብሮ ተቀበረ። ልብሱ አለ፥ ሰፊዋ ማን እንደ ነበረች የሚነግረን የለም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንለያያለን። ስለ ሩቅ አገር ሰፊዎች ይህን ያህል ስናውቅ፥ እናቶቻችንና አያቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁትን ግን ጠይቀን አናውቅም። እንግዲህ ወደ ቤታችን ስንመለስ አጠገባቸው ተቀምጠን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም ከነስማቸው እንጻፈው።