ቤት የሚማረው ልጅ



በአሜሪካ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። በቨርጂኒያ ለምሳሌ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፤ በዓመቱም ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። በጀርመን ግን ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው።

ሕጉ የሚያነጋግረው ወላጅን ነው፤ ቤት የሚማረው ልጅስ? እናቱ መምህሩ ናት፤ የምግብ ጠረጴዛውም ዴስኩ። ክፍልፋይ ሲያስቸግረው ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ይታየዋል። የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አማርኛ ለምዶ ለአያቱ በስልክ ያነብላቸዋል። ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ በደጅ ሲያልፍ ግን እርሳሱን አስቀምጦ መጋረጃውን ይገልጣል። ሲሳሳት የሚስቅበት የለም፤ አብሮት የሚስቅም የለም። እናት መምህር ስትሆን ደግሞ ስለ መምህሩ ለማን ስሞታ ይናገር?

ቤት ማስተማር ነውር የለውም። ይሁን እንጂ፣ ወላጆች ሆይ፣ ለሂሳቡና ለንባቡ ሰዓት እንደመደባችሁ ለጓደኛም መድቡላቸው። ኳስ ሜዳ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ውሰዷቸው። ልጅ ከእኩያው የሚማረውን ወላጅ አያስተምረውም።