ከአንድ ቴፕ ለሁለት አድማጭ፤ ቀላል የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ መቆጣጠሪያ



ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎል በግንቡና በበሮቹ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሐረር ቅርስ ሁሉ በድንጋይ የታነጸ አይደለም። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ባቋቋሙት ሙዚየም ከጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች ጎን ለጎን የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችም ተሰብስበዋል። የሠርግ ዘፈን ወይም ዚክሪ የተቀዳበት ካሴት በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ የድሮውን ቃል የሚፈታ ሰው ባለፈ ጊዜ ትርጉሙም አብሮ ያልፋል።

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ይኸውም ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አረጋዊና የሚጽፍ ወጣት ነው። ሁለቱ በነደባው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በማከፋፈያ ጃክ አማካይነት ከአንድ ቴፕ ያዳምጣሉ። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። የአረጋዊው ጆሮ ደክሟልና የቴፑ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ወጣቱም ታላቁን «ይቀንሱልኝ» ማለትን ያፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ አድማጭ የሚመክረው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ለወራት የሚዘልቅ የጽሕፈት ሥራ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቴፑ ቁልፍ ለአረጋዊው ጆሮ ይስተካከል፤ ለወጣቱ ግን በገመዱ መካከል የራሱ መቆጣጠሪያ ይግባለት። ለዚህም አንድ ዘንግ ሁለቱን ጎን በአንድነት የሚያዞርበት ጥንድ ፖቴንሽዮሜትር፣ ሁለት ባለ 47 ኦም ሬዚስተሮች፣ አንድ የማራዘሚያ ገመድና ትንሽ ሣጥን ይበቃሉ። ባትሪ አያስፈልግም።

የፖቴንሽዮሜትሩ መጠን ትኩረት ይሻል። ለተለመደው ባለ 32 ኦም ማዳመጫ 100 ኦም ተስማሚ ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ባለ 10,000 ኦም ቢገባ፣ ቁልፉ ወደ መጨረሻው እስኪጠጋ ድምፁ እጅግ ደክሞ ይቆይና በመጨረሻዋ ጥቂት ዙር በድንገት ይጮኻል። ልንሸሸው የፈለግነው አደጋም ይኸው ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ገመዱ ከመሐል ተቆርጦ የትኛው ሽቦ ከየትኛው የጃክ ክፍል እንደሚደርስ በቴስተር ይረጋገጣል፤ የሽቦ ቀለም በየፋብሪካው ይለያያልና። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ቫርኒሽ የተቀቡ ከሆኑ ሳይፋቁ ብየዳ አይዛቸውም። ከዚያም በየጎኑ ከቴፑ የሚመጣው ሽቦ በ47 ኦሙ ሬዚስተር አልፎ ከፖቴንሽዮሜትሩ አንድ ዳር ይበየዳል፤ መካከለኛው እግር ወደ ማዳመጫው ይሄዳል፤ ሌላው ዳር ከጋራው ሽቦ ጋር ይያያዛል። የጋራው ሽቦ በመካከሉ አንዳች ሬዚስተር ሳይገባበት በቀጥታ ይለፍ፤ አለዚያ የግራውና የቀኙ ድምፅ ይደባለቃል። ቁልፉ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ከቀነሰ፣ የሁለቱን ዳሮች ቦታ መለዋወጥ ነው።

ሁለቱ ሬዚስተሮች ዘብ ናቸው። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ቢከፈት እንኳ ወደ ማዳመጫው የሚደርሰው ቮልቴጅ ከቴፑ ከሚወጣው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ወደ 9 ዴሲቤል የሚጠጋ ቅናሽ ነው።

መሣሪያው ወሰን አለው። ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጎላም፤ የካሴቱን ሹክሹክታ አያጠራም፤ በአንዳንድ ማዳመጫ ላይም የድምፁን ቃና በጥቂቱ ይለውጣል። ዴሲቤልም አይለካም። ስለዚህ ወጣቱ ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ይጀምር፣ ቃሉ በግልጽ በተሰማበት ይቁም፤ ጆሮው ከጮኸበትም ሥራውን አቋርጦ ይረፍ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ካሴቱን ከአቧራና ከሙቀት ለመጠበቅ የምንደክመውን ያህል የሚያዳምጠውንም ጆሮ ልንጠብቅ ይገባናል። ካሴት ሊገለበጥ ይችላል፤ የተጎዳ ጆሮ ግን ምትክ የለውም።